የሱባኤው ሰሞን

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አክስቴ በላይነሽ የቀሚሴን ጠርዝ ስትዳብስ ደረስኩባት። ቀሚሱ ጓሮ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ጠርዙን በሁለት ጣቶቿ መሐል ይዛ፣ ምስር ውስጥ ጠጠር እንደምትለቅም ሴት፣ ከስፌቱ ጫፍ ጀምራ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ስታየኝ እጇን አላነሣችም።

"መድረቁን እያየሁ ነው" አለች።

ቀሚሱን ያጠብኩት ከትናንት ወዲያ ነው። የገዳሪፍ ፀሐይ ደግሞ በኅዳርም ቢሆን ወፍራም ብርድ ልብስ በግማሽ ቀን ታደርቃለች። "ደርቋል እትዬ" አልኳት። "ደርቋል" አለች እሷም፣ የቀራትን ስንዝር ዳብሳ ጨረሰችና። እሷ ወደ ክፍሏ ገባች፤ እኔ ቀሚሱን ከገመዱ አውርጄ እንደ ሞቀ ለበስኩት።

የምትፈልገውን አውቃለሁ። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው፤ እዚህ ሱዳን ሐባ ይሉታል፤ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቼ ለእህቴ የማስገባ መስሏታል። እህቴ ሰሎሜ ሐባውን የለመደችው ቁረይሻ ሰሊጥ አጨዳ ሄዳ ነው። ወገቧ ሲሰበር አብረዋት የሚያጭዱት ከሻይ ጋር ሰጧት፤ ወገቧ ዳነ፣ ሐባው ግን አብሯት ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ከአጨዳ ስትመለስ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ እኔና አክስቴ መናኸሪያ ቆመን ስንጠብቃት አልፋን ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሦስታችን በአንድ ግቢ እንኖራለን። አክስቴ በጡብ ክፍሉ፣ እኔና ሰሎሜ በቆርቆሮው። ጦርነቱ የካርቱምን ሰው ወደ ገዳሪፍ ካፈሰሰው ጀምሮ የቆርቆሮዋ ኪራይ እንኳ የድሮው የጡብ ክፍል ኪራይ ሆኗል። በቆርቆሮዋና በጡቡ መሐል ያለው ግድግዳ አንድ ስለሆነ አክስቴ የምታስለው፣ የምትጸልየው፣ የምትጠረጥረው ሁሉ ይሰማናል።

አክስቴ ሰሎሜን በጸበል ላድናት ብላ ቆርጣለች። ቤተ ክርስቲያናችን ምንጭ የለውም። ባንታምላክ የሚባል የአርማጭሆ ልጅ በአህያ ካሮ፣ በጋሪ ማለት ነው፣ ውኃ ያመጣል፣ በርሜል ውስጥ ይገለብጣል፣ ቄሱ ይጸልዩበታል፣ ከዚያ ባንታምላክ ራሱ በጆግ እየቀዳ በሰው ላይ ያፈሳል። ሱባኤው ሰባት ቀን ነው፤ ሳይቋረጥ። ሴት ደግሞ በወር ልማዷ ቅጥሩን አታልፍም። ስለዚህ አክስቴ ዘዴ አበጀች፤ ሰሎሜ ከልማዷ ነጽታ ገላዋን በታጠበች ማግሥት ሱባኤውን ታስጀምራታለች፤ እንዲህ ከሆነ ቀጣዩ ልማድ ሳይደርስ ሰባቱ ይሞላል። በየወሩ እንዲሁ ነው። ገመድ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ የምታየው እሷ፣ ነጠላዋን አጥባ የምትሰጣት እሷ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር የምትሸኛት እሷ።

በየወሩም ሰሎሜ በዚያው ሱባኤ መሐል ትጠፋለች። ጸበል ልትጠመቅ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ዓይኖቿ ትንሽ ሆነው፣ አፍንጫዋን እያከከች፣ በሰው ሁሉ ላይ እየሳቀች ነው። ሱባኤው አልፎ አንድ ሳምንት ያህል ሲሞላው ደግሞ ረጋ ትላለች። ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ከእኔ ጋር በማበጠሪያ ትጣላለች። አክስቴ ያኔ "ጸበሉ ያዘላት" ትላለች። እንደገና ልማዷ መጥቶ ሲያልፍ እንደገና ነጭ ነጠላ፣ እንደገና በርሜል፣ እንደገና መጥፋት።

ከዚህ ተነሥታ አክስቴ ነገሩን ፈታችው። ቤት ስትውል አታገኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ታገኛለች፤ ስለዚህ ሻጩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ይህን ሐሳብ ማን ያፈርሰዋል? እኔም አልቻልኩም ነበር። ሦስት ጊዜ ደግሞ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ሰሎሜ በባንታምላክ ካሮ ላይ፣ በበርሜሎቹ መሐል እግሯን አንጠልጥላ ታይታለች። ሰው አይቶ ለአክስቴ ነገራት። አክስቴ ለቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ሰብሳቢ ለአያ ወልደ ማርያም ነገረች።

ልወጣ ስል በሯ ላይ ቆማ "ዙፋን" ብላ ጠራችኝ። "ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያ ወልደ ማርያም ጉባኤውን ይሰበስባሉ። ያ ልጅ ይወጣል።"

"የሚሸጥላት ሰው በአደባባይ፣ ካሮ ላይ ጭኖ ይዟት ይሄዳል እንዴ?"

"በቀን የሚሰርቅ ሌባ ነው የማይጠረጠረው።" ከዚያ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ቀን የምትሠሪ አንችም አለሽ።"

ባንታምላክ ወረቀት የለውም። ፖሊስ የውጭ ዜጋ ሊያፍስ ከሻ፣ አፈሳ ማለት ነው፣ ሲወጣ እሱን የሚያድነው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና የአያ ወልደ ማርያም ቃል ብቻ ነው። ከቅጥሩ ከወጣ ሳምንት አይሞላውም፤ ወይ እስር ቤት ነው፣ ወይ መተማ ድንበር ላይ ይጥሉታል። መተማ ማዶ ደግሞ የሚጠብቀው ሰው አለ፤ ለበጎ አይደለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አክስቴም ታውቃለች።

ወደ ሥራ ስሄድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍኩ። የሚካኤል ዕለት ስለሆነ ሰው ሞልቷል። ከአጨዳ የተመለሱት ወንዶች አዲስ ሸሚዝ ለብሰው አጥሩን ተደግፈዋል። በበሩ ስንጥቅ ሰሎሜን አየኋት፤ በርሜሉ ሥር በርከክ ብላለች። ባንታምላክ በጆጉ ያፈሳል። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ግን ቆሜ አፉን አየሁት፣ እጁን አየሁት፣ ኪሱን አየሁት። ያስቆምኩት የራክሻ፣ የባጃጅ፣ ነጂ "ትገቢያለሽ ወይስ ትጸልያለሽ?" ብሎ እስኪጮህብኝ ድረስ አየሁት።

የምሠራው ዶክተር ሂያም ዘንድ ነው። ከካርቱም ዩኒቨርሲቲዋ ሲዘጋ የመጣች ሱዳናዊት ተመራማሪ ናት። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታለች። ጎረቤቶቿ የጥርስ ሐኪም ትመስላቸዋለች፤ አከራይዋ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ቢያውቅ ድመት ይዞ ይመጣ ነበር። እኔ ለአክስቴ "ሐኪም ቤት አጸዳለሁ" ብያታለሁ። የማጸዳው የአይጥ ሣጥን ነው። ነጭ አይጦች ናቸው፤ ሰጋቱራቸውን እለውጣለሁ፣ ውኃቸውን እሞላለሁ። በየሣጥኑ ግድግዳ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። አይጧ ያቺን የብረት ምላስ ስትጫን አንድ ጠብታ መራራ ውኃ ትወርድላታለች። በዚያ ውኃ ውስጥ የተፈጨው ትራማዶል ነው። ይህንን ነው ለአክስቴ ያልነገርኳት። ሐባው ያለበት ቁም ሣጥን በቁልፍ ይዘጋል፣ ቁልፉ ከሂያም አንገት አይወርድም። በቁም ሣጥኑ አጠገብ ስጠርግ የምታንጎራጉረውን ዘፈን ታቆማለች። አልፌ ስሄድ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

በየጠዋቱ ሴቶቹን አይጦች አንድ በአንድ እያነሣች፣ በጠብታ መስጫ የማህፀናቸውን በር በትንሽ ውኃ አጥባ፣ እጣቢውን መስታወት ላይ አድርጋ በማይክሮስኮፕ ታያለች። መጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ ሟርት መስሎኝ በልቤ አማትቤ ነበር። ወንዶቹን እንዲህ አታደርግም። ለምን ስላት ሳቀች። "ወንዱ ትናንትም ዛሬም አንድ ነው። መምህሮቼ ሁሉ ወንድ ብቻ ያዢ፣ ሴቷ ታምታታሻለች ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ የምታምታታኝን ነው የፈለግኩት።"

ያን ዕለት ገና በሩን ሳልከፍት ድምፁን ሰማሁት። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲጀምር እንደሚሰማው ዓይነት ነው። ለምልክት ጆሮዋ የተቆረጠ አንዲት አይጥ የብረት ምላሷን ትጫናለች፣ ትጫናለች፤ ጠብታው አይወርድም፤ አሁንም ትጫናለች። ሂያም መጀመሪያ በአንድ መጫን አንድ ጠብታ ትሰጣቸዋለች፤ ከለመዱ በኋላ ልፋቱን እየጨመረች ትሄዳለች። ስንት እንደሚጠጡ ሳይሆን እስከ ምን ድረስ እንደሚለፉለት ነው ማወቅ የምትፈልገው። በሌላ ቀን ይህች አይጥ ጥቂት ሞክራ ትተኛ ነበር።

"ምን ሆናለች?" አልኳት።

"ዛሬ ቀኗ ነው።" ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሣችም።

"የወር አበባዋ?"

"አይጥ ደም አታይም፣ ያ ዙፋን። የእሷ ወር አራት አምስት ቀን ነው፤ ተዟዙሮ ያልቃል።" ቀና ብላ ሻይዋን ሳበች። ሥራዋን የምታወራለት ሰው ገዳሪፍ ውስጥ ስለሌላት እኔ ስጠይቃት ደስ ይላታል። ነገሩን በዐረብኛ፣ በቀስታ፣ ለልጅ እንደሚነገር ነገረችኝ። ሴት ፍጥረት ሁለት ሆርሞን አላት። አንደኛው ኢስትሮጅን ነው፤ እሱ ብቻውን ከፍ ሲል ፍላጎትን ያነሣሣል። ሁለተኛው ፕሮጄስትሮን ነው፤ እሱ ተከትሎ ሲመጣ ፍላጎቱን ያበርደዋል። ጥግ ላይ ያሉት ሦስት አይጦች እንቁላል ማፍሪያቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸው ናቸው። ምላሷን እምብዛም አይነኳትም ነበር። ኢስትሮጅን በዘይት አድርጋ ከቆዳቸው ሥር ስትወጋቸው መጫን ጀመሩ። ሁለተኛውን ስትጨምርበት ተዉት።

"ይህን ሌሎች በኮኬይን አይተውታል" አለች። "በዚህ ሐባ ገና ነው። በእነዚህ ጥቂት አይጦች ማንንም አላሳምንም።"

"ሴት ላይስ?"

"ሴት አይጥ አይደለችም። ሴት አማት አለባት፣ ኪራይ አለባት፣ የወገብ ሕመም አለባት።" ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። "ግን ተመራማሪዎች የሚጠረጥሩት አለ።"

"ሴት ላይ የትኛው ሰሞን ነው ያ? አንደኛው ብቻውን የሚሆንበት?"

"ደሙ ከቆመ በኋላ ያለው ሳምንት። ሁለተኛው ገና ሳይመጣ።" ከዚያ ሻይዋን አስቀመጠች። "ለማን ነው የምትጠይቂው?"

"ለማንም።"

እጇ ወደ አንገቷ ሄዶ ቁልፉን ያዘ። ያዘችው ብዬ አልተቀየምኳትም፤ እኔም ብሆን እይዝ ነበር።

የሰጋቱራውን ማዳበሪያ ታቅፌ ብዙ ቆምኩ። ደሙ ከቆመ በኋላ። አክስቴ ነጠላውን አጥባ የምትሰጣት ያኔ ነው። በርሜሉ ሥር የምታንበረክካት ያኔ ነው። ከዚያ ሁለተኛው ይመጣል፣ ሰሎሜ ትረጋለች፣ አክስቴም ጸበሉ ያዘላት ትላለች። ጸበሉን የምክድ አይደለሁም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የሂያምን ነገር ሁሉ ተረድቼዋለሁም አልልም። አንድ ነገር ግን ገባኝ። ባንታምላክ ቢኖርም ባይኖርም፣ ሰሎሜ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድም ባትሄድም፣ ያ ሰሞን ይመጣባታል። ሱባኤውን ከዚያ ሰሞን ጋር ያጋጠመችው አክስቴ ናት።

ቶሎ ልሂድ ስላት ሂያም ፈቀደችልኝ። በሩ ላይ ስደርስ ግን "ቦርሳሽን ክፈቺው" አለችኝ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። ከፈትኩት። ኪስራ፣ የሱዳን እንጀራ፣ እና ጫማ ነበረበት። "መሌሽ" አለች፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። በአንድ ቀን ሁለተኛ መፈተሼ ነው።

ቤት ስደርስ ሰሎሜ አልጋችን ላይ ቁጭ ብላ እርጥብ ጸጉሯን በማበጠሪያ ትፈታለች። አክስቴ በሩን ከውጭ ቆልፋባት ወደ ሚካኤል ተመልሳለች፤ ቁልፉን የሸሸገችበትን ድንጋይ ስለማውቅ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ሙቀቱ እንደ እቶን ነው። ሰሎሜ ጉልበቷ አልረጋ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ በእጇ ትጫነዋለች።

"አይጦችሽ ደኅና ናቸው?" አለችኝ። ከሰው ሁሉ ለእሷ ብቻ ነው የነገርኳት።

"ካንቺ የተሻሉ ናቸው።"

"ኪራይ አይከፍሉማ! አክስትም የላቸውም።" ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "ባንታምላክን ሊያባርሩት ነው አሉ።"

"እሱ ነው የሚሰጥሽ?"

ማበጠሪያውን አቆመች። ትንሽ ልጅ ሳለች በማውቀው ዓይን አየችኝ። "አንቺም?"

ፍላጎቱ ሲመጣባት ምን እንደሚመስል ጠየቅኳት። "እንደ ረሃብ አይደለም" አለች። "ምጣድ እሳት ላይ ጥጄ የወጣሁ ይመስለኛል። ሄጄ ካላወጣሁት ቤቱ ሊቃጠል። እስክሄድ ድረስ የምትናገሩትን አልሰማም።" ዝቅ ብላ ጨመረች፤ "ጸበሉ ሲነካኝ ነው የሚብስብኝ። ጋኔን ቢኖርብኝ ነው ዙፋን። ሌላውን ጊዜ እኮ ሰው ነኝ።"

"ጋኔን አይደለም" አልኳትና ሂያም ያለችውን እንደምችለው ነገርኳት። ስጨርስ፣ "እንግዲህ አይጥ ነኝ" አለች። ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥላ ደግሞ፣ "ከጋኔኑ ይሻላል" አለች። እጄን ያዘችኝ። "ለእትዬ ንገሪያት። ግን ሐባው አንቺ ሥራ ቦታ እንዳለ ካወቀች አለቀልሽ።"

ይህንን እያሰብኩ ነበር ወደ አዳራሹ የሄድኩት። አዳራሽ የምንለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለ የሳር ዳስ ነው። የበዓሉ ፉል ተበልቶ ትሪዎቹ ተደራርበዋል፤ ዝንቡ ከትሪው ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ትሪው ይመላለሳል። አያ ወልደ ማርያም መሐል ተቀምጠዋል። ለእርሻ ጌቶች ሠራተኛ የሚያሰባስቡ፣ ከፖሊስ ጋር በዐረብኛ የሚነጋገሩልን ሰው ናቸው፤ ክፉ አይደሉም። አክስቴ በስተቀኛቸው ናት። ባንታምላክ ቆሟል። እጁ አሁንም እርጥብ ነው።

አክስቴ ተናገረች። በየወሩ ልጄ ነጽታ እልካታለሁ፣ ተመርዛ ትመለስልኛለች አለች። ካሮው ላይ ማን መቼ እንዳያት ተናገረች። ስታለቅስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ማልቀሷ እውነት ነበር።

"ምን ትላለህ?" አሉት አያ ወልደ ማርያም።

"አልሸጥኩላትም።"

"ካሮው ላይ አልነበረችም?"

"ነበረች።" ባንታምላክ ሰውን ሁሉ ዞሮ አየ። "ያያችሁኝ ሰዎች አላችሁ። አህያዬ ፊቷ ወዴት ነበር? ወደ ገበያው ነው ወይስ ወደዚህ?"

ሰዎቹ ተያዩ። ሰሎሜን አይተዋታል፣ ካሮውን አይተዋል፣ በርሜሎቹን አይተዋል፤ የአህያዋን ፊት ያየ ሰው አልነበረም።

"ወደዚህ ነበር" አለ ራሱ። "ውኃ ልቀዳ ስሄድ ገበያው ጀርባ ወድቃ አገኛታለሁ። ጭኜ እመልሳታለሁ። ከዚያ ወዲህ በሱባኤዋ ሰሞን በዚያ በኩል ነው የምዞረው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም?"

"ለመነችኝ። አክስቴ ከሰማች ማዶ፣ አገር ቤት ጸበል ወስዳ፣ በሰንሰለት ታስረኛለች አለችኝ።"

"አየህ" አሉ አያ ወልደ ማርያም፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም፤ "አንተ የምትሸጥላት ብትሆንም እኮ ይህንኑ ነበር የምትለን።"

ያኔ ተነሣሁ። በዚያ ዳስ ውስጥ ሴት ተነሥታ ስትናገር ከለቅሶ በስተቀር አላየሁም። ሰሎሜ የምትጠፋው ጸበል ስለሄደች አይደለም አልኩ። የሴት ልጅ ደም ከቆመ በኋላ ያለው ሰሞን ነው አልኩ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። አክስቴ "አንች! ወንድ ፊት!" ብላ ቀሚሴን ወደ ታች ሳበችው። አልተቀመጥኩም። በዚያ ሳምንት አብራት የሚውል ሰው ይኑር፣ እኔ ሥራዬን ትቼ እውላለሁ፣ ሱባኤውን ወደ ኋላ እናድርገው፣ ልጁን ግን ተዉት፣ የሚመልሳት እሱ ብቻ ነው አልኩ።

"ይህን ማን ነገረሽ?" አሉ አያ ወልደ ማርያም።

"የምሠራላት ዶክተር። በአይጥ አይታዋለች።"

አንድ ሰው ሳቀ። "ሚካኤል ይወቀው እንጂ አይጥ ምስክር ሆና ስትቀርብ ያየነው እኛ ነን!" አለ። ዳሱ ሁሉ ሳቀ። አያ ወልደ ማርያም አልሳቁም። የሚጠረጥር ሰው አይስቅም፤ ሳቁን ይቆጥባል።

"አይጧ ምን ስትፈልግ ነው ያየቻት?"

ልዋሽ እችል ነበር። ስኳር ነው ብል ያልፍ ነበር። ግን ስኳር ካልኩ ነገሬ ሁሉ ስለ ስኳር ይሆናል፣ ባንታምላክም ይወጣል። "ሐባ" አልኩ።

አክስቴ ቀሚሴን ለቀቀችው። ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። "ሐኪም ቤት ነው የምሠራው ብለሽኝ አልነበር?" አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ጠዋቱ ነበር፤ መድረቁን እያየሁ ነው ባለችበት ድምፅ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን የሰማኝ የለም። ቁም ሣጥኑ ይቆለፋል ብል "እንዴት አወቅሽ?" ሆነ። ቦርሳዬ ይፈተሻል ብል "ጠርጥረውሽ ነዋ!" ሆነ። አያ ወልደ ማርያም አንዴ እኔን፣ አንዴ ባንታምላክን አዩ፤ ዓይናቸው ሁለታችንን አንድ ላይ ሲሰፋን ታወቀኝ። "አንች ታወጫለሽ፣ እሱ ያደርሳል" አሉ። አክስቴ ለወራት ያላገኘችው ስፌት ይኸው ተገኘ። እኔና ባንታምላክ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእግዚአብሔር ይመስገን በቀር የተነጋገርነው ነገር አልነበረም።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። ባንታምላክ ፀሐይ ሳትገባ ቅጥሩን ይልቀቅ። እኔ ከሰሎሜ ጋር አንድ ክፍል አልደር፣ ያለ አክስቴም ከእሷ ጋር ለብቻዬ አልሁን፤ እንቢ ካልኩ ከግቢው ልውጣ። ሰሎሜን ማንም አልጠየቃትም። በሩ ተቆልፎባታል።

ባንታምላክ ዕቃውን ሲያወጣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ዕቃው አንድ ማዳበሪያ ነው። አህያዋና ካሮው የቤተ ክርስቲያኑ ስለሆኑ ትቷቸዋል፤ አህያዋን ግን ውኃ አጠጥቷት፣ ጀርባዋን በእጁ ጠርጎላት ነው የወጣው። ወድ ኤል ሒለው በሚባል ከተማ የአገሩ ሰዎች አሉት፤ የሚወስደው የጭነት መኪና አግኝቷል።

"ያልሽው ነገር ገብቶኛል እታለም" አለኝ። "እኔ ምክንያቱን አላውቅም እንጂ ሰሞኑን አውቀው ነበር። ነጠላዋ አዲስ ታጥቦ ሳየው እጠነቀቅ ነበር።" ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አወጣ። "አሁን ማን በዚያ በኩል ይዞራል?"

እኔ እዞራለሁ አልኩት። እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ቢሆንም አመሰገነኝ።

ሂያም በማግሥቱ አሰናበተችኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በሯ ላይ መጥተው ስለ ሐባ ጠይቀዋት ነበር፤ ደንግጣለች። አልወቀስኳትም። ቀሪውን የኅዳር ወር ሻይ ከምትሸጥ ሴት ጋር ብርጭቆ ሳጥብ ከረምኩ። ሰሎሜ አክስቴ ክፍል ገብታ ረጋች። በላች፣ ወፈረች፣ በግድግዳው በኩል ስትስቅ እሰማት ነበር። አክስቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "አየሽ፣ ልጁ ሲወጣ ዳነች" ትል ነበር። ምሽት ምሽት ግድግዳውን በጥፍሬ እመታለሁ፤ ሰሎሜ ከወዲያ ትመታልኛለች። በታኅሣሥ መጀመሪያ ልማዷ መጣ፤ ጨርቁን ገመዱ ላይ አየሁት። ቀጥሎ ነጠላው ተሰጣ። ለአክስቴ፣ "እትዬ፣ እባክሽ በዚህ ሳምንት ብቻ" አልኳት። "ማን ይሰጣታል አሁን?" አለችኝ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ፣ ሱባኤዋን በጀመረች በአራተኛው ቀን ሰሎሜ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወጥታ ሄደች። ዓርብ ስለነበር ገበያው ዝግ ነው፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ገበያው ጀርባ፣ ነፍሷ ወጥታ፣ ያገኛት ከሰዓት በኋላ ጆንያ ሊጭን የመጣ ሰው ነው። ጸጉሯ ከጸበሉ ገና አልደረቀም ነበር አለን።

በአርባዋ ባንታምላክ ከወድ ኤል ሒለው መጣ። ዳሱ ውስጥ አልገባም። የሰው ካሮ ተውሶ ለለቀስተኛው ውኃ አመጣ፤ በርሜሉን ሞልቶ በመጣበት ተመለሰ።